በአሥራ አራተኛው ቀን የተመለሰው ሳጥን

ሴድሪክ ኦልድሮይድ የሞተው ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ከገዛ ካራቫኑ ደረጃ ሥር፣ ራሱን የጋዝ ሲሊንደር ጠርዝ መትቶት ነው። በዚያ በእንግሊዝ የሊንከንሻየር ባሕር ዳርቻ፣ ጡረተኞች ካራቫን የሚሉትን በመኪና የሚጎተት ቤታቸውን አቁመው በሚኖሩበት ሠፈር፣ ሰው ከእርጅናና ከብርድ በቀር በሌላ ነገር ሲሞት አልታየም። መርማሪ ኡና ብሬትዌት ከመኪናዋ ስትወርድ ሠፈርተኛው ሁሉ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ያያት ነበር።

ረዳቷ ሳጅን ፓይክ ነገሩን በልቡ ጨርሶታል። «የሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰዋል፤ ተገፍቶ ነው የወደቀው። የጠፋው የኢንተርኔት ሳጥኑ፣ ያ ራውተሩ፣ ብቻ ነው፣ የኪስ ቦርሳው እንኳ አልተነካም። ረፋድ ላይ ደግሞ ጎረቤቱ ዶሪን ስትጮህበት ሦስት ሰው ሰምቷል። አሁኑኑ ልያዛት?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ፓይክ» አለችው። «መጀመሪያ ቤቱን እንይ።»

ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቼዝ ተደርድሯል፤ አንዲት ጠጠር እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት ስኒዎች አጠገቡ ባዶአቸውን ቆመዋል። በነጮቹ ጠጠሮች በኩል ያለው ወንበር መደገፊያው ላይ ወፍራም ትራስ ታስሮበታል። ፍሪጁ ላይ የሁለት ዓመት የሞባይል ኢንተርኔት ውል ተለጥፏል፤ የውሉ ግርጌ፣ የስረዛ ቅጹ ያለበት፣ በጥንቃቄ ተቀዶ ተወስዷል። አጠገቡ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ሐሳብ መቀየር የሚቻልባቸው አሥራ አራት ቀናት አንድ በአንድ ተሰርዘው፣ የመጨረሻው በቀይ ተከቧል። የመጨረሻው ቀን ይኸው ማክሰኞ ነበር።

ኡና ተንበርክካ ከአልጋው ሥር አየች። አቧራው መሐል አንድ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ አለ።

«ካርቶኑም የለም» አለች። «ሌባ ማሽኑን ይወስዳል። ካርቶኑ ምን ይሠራለታል?»

«እና ማን ነው ካርቶን የሚፈልገው?»

«ዕቃ የሚመልስ ሰው።»

ዶሪን ዐይኗ በልቅሶ ቀልቶ፣ የከንፈር ቀለሟ ግን እንዳማረበት ነበር። «ጮኼበታለሁ! ምን ልደብቅሽ የኔ ልጅ» አለች። «ከሰዓት ከሰዓት በዚያ ሳጥን የዳንስ ውድድር እናይ ነበር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጎኔ የተቀመጠ ሰው እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት መጣና ‹ዶሪን፣ ኢንተርኔቱን ሰረዝኩት› አይለኝም! ‹ለምን?› ብለው ‹ሰው ናፈቀኝ› አለኝ። እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ? ጣውላ ነኝ?»

«ማን ነው የናፈቀው?»

«መች ጠየቅሁት! ሌላ ሴት ይዞ ነው ብዬ በቅናት ነደድኩ እንጂ።»

የሠፈሩ አስተዳዳሪ ትሬቨር ደግሞ ለነዋሪዎቹ የራሱን ኢንተርኔት ያከራያል። «ሳጥኑን ያስገባ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለ ሳያፍር። «ሰው ሁሉ እሱን አይቶ የእኔን ሊተው ነው ብዬ። ዛሬ ጠዋት ግን እዚሁ ቢሮ መጥቶ በእኔው ስልክ ሰረዘው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሙዚቃ እያሰሙ ሲያስጠብቁት በደስታ ሻይ ያፈላሁለት እኔ ነኝ። ምን በወጣኝ እገድለዋለሁ?»

የቀረው ዊልፍ ነበር፣ የሟች የልብ ወዳጅ። በባቡር ሐዲድ ላይ ምልክት ሰጪ ሆኖ አርጅቷል፤ ቤቱ ውስጥ ስም ያልተለጠፈበት ዕቃ የለም። መደርደሪያው ላይ ያለው የብስኩት ቆርቆሮ እንኳ «ደረሰኞች» የሚል ተጽፎበታል። ወገቡን በእጁ ደግፎ ተቀመጠ።

«አሥራ አንድ ዓመት፣ አንድ ቀን ሳናጓድል ቼዝ ተጫውተናል» አለ። «ቼዙም የእሱ፣ ቤቱም የእሱ ነውና አንድ ቀን እንኳ ቀድሞ የሚጀምረውን ነጩን ሰጥቶኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁት። ከዚያ ያ ሳጥን መጣ። ብራዚል ካለ መልኩን ከማያውቀው ሰውዬ ጋር መጫወት ጀመረ። ‹አንተማ ቀለልክብኝ፣ ዊልፍ› አለኝ፣ እየሳቀ።»

«ሳጥኑን መቼ ነበር ያስገባው?»

«እኔ ምን አውቄ። ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም፣ ቃልም አልተነጋገርን።»

ኡና አዘነችለት። በሩ ላይ ደርሳ ጨበጠችውና «በጣም ያሳዝናል፣ አቶ ዊልፍ» አለችው።

«ምን ይደረግ። ዛሬን ቢያሳልፍ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጉድ ጋር ታስሮ ነበር።»

ኡና የብስኩቱን ቆርቆሮ አንዴ አየችና ወጣች። ማምሻውን ለኢንተርኔት ድርጅቱ ደወለች፤ የሴድሪክን የጠዋት ጥሪ ቀድተውት ኖሮ አሰሟት። ሁለት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ በኋላ ፓይክ ሲያናግራት እንኳ አልሰማችውም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉም በሠፈሩ ክበብ ተሰበሰቡ። ዶሪን መሐረቧን ታሻለች፤ ፓይክ ካቴናውን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። እሷም ካቴናውን አይታዋለች።

«ወይዘሮ ዶሪን አይደሉም» አለች ኡና በቅድሚያ፣ አሮጊቷ ትተንፍስ ብላ። «ሳጥኑን ከነካርቶኑ የወሰደው ሰው ሊመልሰው ነው። የስረዛውን ቅጽም ቀዶ አብሮ ልኮታል። ለምን ቀደደው? ሴድሪክ እኮ ጠዋት በስልክ ሰርዞታል! እንግዲህ ቅጹን የላከው ሰው ይህን አላወቀም። ወይዘሮ ዶሪን ያውቁ ነበር፤ የጮኹበት ለዚያ ነው። ትሬቨርም ያውቃል፤ ሻይ አፍልቷል። ያላወቀው ከሴድሪክ ጋር የተኳረፈ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ዊልፍ ዞረ።

«አቶ ዊልፍ፣ ሳጥኑ መቼ እንደመጣ አላውቅም አሉኝ። ደጁን አልረገጥኩም አሉኝ። ታዲያ ቀነ ገደቡ ትናንት መሆኑን ማን ነገርዎ? ቀይ ክቡ ያለው ፍሪጁ ላይ ነው።»

«ገመትኩ» አለ ዊልፍ።

«ይህንንስ?» አለች ኡና። ፓይክ ጠዋት የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ ያመጣውን ቆርቆሮ ከፈተችው። ከላይ ያለው የፖስታ ቤት ደረሰኝ ነበር፤ የድርጅቱ አድራሻ ተጽፎበት፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ተኩል የሚል ማኅተም አርፎበታል። ሴድሪክ ከሞተ ሁለት ሰዓት አልፎት ነበር።

«ሰው ገድሎ ደረሰኝ ያስቀምጣል?» አለ ትሬቨር አፉን ይዞ።

«አልደረሰንም ቢሉስ?» አለ ዊልፍ፣ ሳያስበው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ የዊልፍም ጉድ በገዛ አፉ ወጣ።

«ወደ ሱቅ ስሄድ ሴድሪክ ከደረጃው ላይ ጠራኝ» አለ ቀስ ብሎ። «‹ግባ ዊልፍ፣ የምነግርህ አለ› አለኝ። በመስኮቱ ያ ሳጥን ብልጭ ብልጭ ሲል አየሁት። ‹ለብራዚሉ ሰውዬ ንገረው!› ብዬ ገፋሁት። አንዴ ብቻ። ወድቆ ሳየው… ሳጥኑ እሱን ቀብሮ ሊቀር ነው ብዬ ጠላሁት። ቀኑ ሳያልፍ ከዚያ ቤት ይውጣ አልኩ።»

«ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አላዩም?»

«ሳጥኑን ብቻ ነበር የማየው።»

ኡና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ቅጂውን ከፈተች። አንዲት ወጣት ሴት የስረዛውን ምክንያት ትጠይቃለች፤ ከዚያ የሴድሪክ የጎረነነ ድምፅ መጣ።

«ምክንያቱማ ወዳጅ አለኝ፣ የኔ እኅት። ኩራተኛ ነው፣ ካልጠሩት አይመጣም። የብራዚሉ ሰውዬ ጎበዝ ነው፤ ግን ሲሸነፍ አያጉረመርምም፣ ሻይም አይጠጣም። ምን ደስ ይላል እንዲህ ያለ ጨዋታ? ዛሬ እጠራዋለሁ። ወገቡን ስለሚያመው ትራስ አስሬለታለሁ።»

ዶሪን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ፓይክ ከኋላዋ ወጥቶ ወደ ዊልፍ ሄደ፣ ካቴናውን ግን ወዲያው አላጠለቀለትም።

ዊልፍ ወገቡን በእጁ ደገፈ። ከዚያ ለኡና ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀ፦ «ትራሱ በየትኛው በኩል ነበር?»

«በነጩ በኩል» አለችው።