ሦስት ጊዜ ደህና እደር

ቀረብ ቀረብ በሉ። ወደ መንገዱ አትዩ፤ እኔን ስሙኝ። መብራት የለንም፣ ኖሮንም አያውቅም። ዛሬ የምነግራችሁ ለምን እንደሌለን ነው። ትሰማላችሁ?

«እንሰማለን።»

ዘመኑ ድሮ ነው። ሰዓቱ እንደ አሁኑ ነው፤ ፀሐይ ባሕር ገብታ ገና ዓይን ጨለማውን ያልለመደበት። መንገዱም ይኸው የደጃችን መንገድ ነው። ከእሳተ ገሞራው ሥር ይነሣል፣ በገውዝ ዛፎቹ መሃል ያልፋል፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደቡ ይደርሳል።

ይህችን ደሴት እንግሊዝና ፈረንሳይ ዘጠኝ ጊዜ ተቀባብለዋታል። ባንዲራው ዘጠኝ ጊዜ ተቀየረ፤ መንገዱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠረገም። በመጨረሻ እንግሊዞቹ ካርታ የሚያነሳ ሰው ላኩልን። ከፈረንሳዮቹ በቀረልን ቃል፣ «አቶ» ለማለት፣ ሙሴ ፔንፎልድ አልነው። ካርታው ላይ የገባ መንደር መንገድ ይሠራለታል፣ በመንገዱም ኋላ መብራት ይመጣለታል፤ ያልገባ ሁለቱንም አያገኝም።

ሙሴ ፔንፎልድ እዚህ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ሸለቆውን ለካ፣ ቤቱን ሁሉ ሣለ። መርከቡ የሚነሣው በማግስቱ ጠዋት ስለነበር ሊመሽ ሲል ተነሣ። ቤቷ ያሳደረችው የመንደሩ ባልቴት ማ ዩላሊ ነበረች።

«ሙሴ፣ ሲነጋ ብትሄድ ምን አለ?»

«መርከቡ አይጠብቀኝም።»

«እንግዲያው መንገድ ላይ ሰላም የሚልህ ካለ መልስ። በሕይወት ያለም ይሁን የሌለ።»

«ምነው፣ ያልተማርኩ መሰልኩሽ?»

«መማርህንማ አያለሁ። ጫማህን ግራና ቀኝ አቀያይረህ አጥልቀኸዋል።»

ጫማውን አስተካክሎ ሄደ። ብቻውን። ካርታው በቆርቆሮ ቱቦ ተጠቅልሎ ጀርባው ላይ ነው።

ገውዝ ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ከኋላው የሴት ድምፅ «ደህና እደር» አለው። ዞረ። ማንም የለም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«ደህና እደሪ።»

እንዴታ። እኛ ከመሸ በኋላ ስንገናኝ የምንባባለው ይህንኑ ነው። በእሱ አገር ግን ደህና እደር የሚባለው ሲለያዩ ነው። ተሰናብታኝ ሄደች ብሎ ዝም አለና መንገዱን ቀጠለ።

የወንዙ ድምፅ መሰማት ሲጀምር እንደገና፣ «ደህና እደር።» አሁን ነጭ ቀሚስ በጎኑ አለፈ። ከቀሚሱ በታች እግር አልነበረም። ሙሴ ፔንፎልድ እርምጃውን አፈጠነ። መልስ ግን አልሰጠም።

ማን ነበረች? ሰለስቲን ናት። ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ወደቡ ሐኪም ሲወስዷት እዚያው መንገድ ላይ የሞተችው። ደህና መንገድ ቢኖር ኖሮ ትደርስ ነበር። ያ ካርታ ወደቡ እንዲገባ ከእሷ በላይ የሚፈልግ አልነበረም። የመጣችውም የወንዙን ድልድይ ጎርፍ እንደወሰደው ልትነግረው ነው። ነገር ግን የሞተ ሰው ሰላምታው ካልተመለሰለት ሌላ ቃል መናገር አይችልም። ይህን የማያውቅ አለ? በደሴቲቱ ላይ የማያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ ካርታውን የያዘውም እሱ ነበር።

ሦስተኛ ጊዜ ፊት ለፊቱ ቆመች። በፊቷ ውስጥ አልፎ ማዶ ያለው ዛፍ ይታያል። «ደህና እደር» አለችው፣ እየለመነችው።

ዓይኑን ጨፍኖ በጎኗ ሮጠ። ወዴት? ድልድዩ ወደነበረበት።

ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ወንዙ ባሕር ከሚገባበት ላይ እግሩ ተሰብሮ አገኙት። ካርታውን ባሕር ወስዶታል። «አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ ተሰናብታኝ አልሄድ አለች» እያለ ለሐኪሙ አማረረ፤ ከዚያም አገሩ ገባ። እዚያ ተቀምጦ ካርታውን ከትውስታው ሲሠራ እኛ ያለንበት ቦታ ላይ «ደን» ብሎ ጻፈ። ይኸው፣ እስከ ዛሬ ደን ውስጥ ተቀምጣችኋል።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ። ግድ ሆኖባችሁ ከሄዳችሁም...

«ደህና እደሩ።»

ከእናንተ ማን ነው ያለው? ከመንገዱ ነው የመጣው። የሴት ድምፅ ነው።

ምን ዘጋችሁ? መልሱላት እንጂ። የምትነግረን ነገር አላት።