ለአንድ ሰው የተሰፋ ቦርሳ

ወደ ሱቃችን ሲገባ ጆንያ ተሸክሞ ስለነበር ድንች ሻጭ መስሎኝ «ዛሬ አንፈልግም» አልኩት።

ጆንያውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። አፉን ፈታና በፎጣ የተጠቀለለ ካሜራ አወጣ። ቀጥሎ ካልሲ ውስጥ የተከተቱ ሦስት ሌንሶች፣ የሕፃን ኮፍያ የለበሰ ማይክ፣ በላስቲክ የታሰሩ ስድስት ባትሪዎች፣ አንድ እግሩ በሽቦ የተጠገነ የካሜራ መቆሚያ። ሁሉንም ደርድሮ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና «ድንቹ አልቋል» አለ።

አክስቴ ይህን ስነግራት ባለጆንያው የሚል ስም አወጣችለት። እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ።

እኔ ሸራ ሰፊ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ የጭነት መኪና ሽፋን፣ ድንኳን፣ የተማሪ ቦርሳ እንሰፋለን። በዚያን ጊዜ ግን አባዬ በድንገት ከወደቀ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። ከንግግሩ የተረፉት ሦስት ቃላት ናቸው፤ «አዎ»፣ «ተይ» እና የእኔ ስም። ደንበኛው ወንድ ቢሆንም የሚለው «ተይ» ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች በዚህ ይስቃሉ፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ከሱቁ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ላይ ሆኖ የስፌት መኪናዬን ድምፅ ያዳምጣል። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠዋለሁ። በግራ እጁ ማንኪያ ይዞ ሳያፈስ እንዲበላ ያስለመድኩትም እኔ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሠራው በግራ እጄ ስለሆነ ከእኔ የተሻለ አስተማሪ አልነበረውም። ስምንት ወር ፈጀብን። ቀኑን በደብተር እጽፍ ስለነበር አልሳሳትም።

ባለጆንያው ፊልም የሚሠራው ብቻውን ነበር። አሠሪ የለውም፣ ረዳት የለውም። የፈለገው ዕቃውን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ፣ በጀርባ የሚታዘል፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ እጁን ሰዶ የሚፈልገውን የሚያወጣበት ቦርሳ ነው። ይህን እያስረዳኝ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን መቀስ አንስቶ ቁራጭ ሸራ ሊቆርጥ ሞከረ። መቀሱ ጨርቁን አኘከው እንጂ አልቆረጠውም።

«መቀስሽ ደንዟል።»

«መቀሱ ደህና ነው። የግራ እጅ መቀስ ነው፤ አባዬ በአሥራ ሁለት ዓመቴ የገዛልኝ።»

መቀሱን ቦታው መለሰና «እኔማ የጠላኝ መስሎኝ ነበር» አለ።

እያንዳንዱን ዕቃ በሚዛን መዝኜ ጻፍኩ። ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ከየት በኩል እንደሚያዝ ለካሁ። ከዚያ በቀን ስንት ጊዜ ባትሪ እንደሚቀይር፣ ስንት ጊዜ ሌንስ እንደሚያወጣ ጠየቅሁት። አያውቅም። ቆጥሮ ነገ እንዲመለስ ነገርኩት። ብዙ የሚነካው ዕቃ ለእጅ ቅርብ መሆን አለበት፤ ከባዱ ደግሞ ለጀርባ። ከዚህ ውጭ የቦርሳ ሥራ ግምት ነው፣ እኔ ደግሞ ግምት አልወድም።

በማግሥቱ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ባትሪ ስድስት፣ ካርድ ሦስት፣ ሌንስ አሥራ ዘጠኝ፣ የሌንስ መጥረጊያ ሠላሳ አንድ።

«ሌላም ነገር ቆጥሬ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ይሄን ሱቅ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት። ወረቀቱ አልበቃኝም።»

ከመጋረጃው ወዲያ አባዬ «ተይ» አለ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ።

የመጀመሪያው ቦርሳ አልሆነም፤ ከላይ ስለረዘመ ቀና ሲል ማጅራቱን ይመታዋል። ሁለተኛው ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሲሠራ ሳላይ የትም እንደማልደርስ ስለገባኝ፣ አክስቴ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አባዬ ጋር እንድትቀመጥ ለመንኳት። ጉልበቷ ስለሚያማት ልታነሳው አትችልም፤ ከአንድ ማገላበጥ እስከሚቀጥለው ድረስ ግን ልትጠብቀው ትችላለች። «ሂጂ» አለችኝ፤ «ሁለት ሰዓት አለሽ። አባትሽና እኔ እናወራለን፣ እሱ በሦስት ቃል እኔ በቀረው።»

እንዲህ አድርጌ ረዳቱ ሆንኩ። ጡብ ማቃጠያው ጋ፣ ድልድዩ ሥር፣ አውቶቡሶቹ የሚታጠቡበት ግቢ። ቦርሳውን ተሸክሜ ከኋላው በቀኝ በኩል እቆማለሁ። እሱ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ የሚፈልገውን አይናገርም። በሁለተኛው ሳምንት ከትከሻው አነሳስ ብቻ ሌንስ ይሁን መጥረጊያ አውቅ ጀመር።

አንድ ቀን፣ አውቶቡስ አጣቢዎቹን እየቀረጸ ሳለ እጁን ዘረጋ። ባትሪ አስቀመጥኩበት። እጁ አልተመለሰም። ጣቶቼን ከባትሪው ጋር አብሮ ያዛቸው።

«ባትሪው ሙሉ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

ዓይኑ ካሜራው ላይ ነበር። ውሃው አስፋልቱ ላይ እየፈሰሰ እግራችን ሥር እስኪደርስ እንደዚያው ቆየን። በኋላ ያንን ቀረጻ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ለአርባ ሰከንድ ያህል ምስሉ በጣም በትንሹ ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛውን ቦርሳ ለሁለት ሰው ሰፋሁት። በእኔ ጀርባ ላይ ሆኖ በእሱ እጅ የሚከፈት። እንዲህ ያለ ቦርሳ ሰፍቼ አላውቅም።

አራት ወር ሄደን መጣን። ከዚያ አንድ ቀን ፊቱ ደስታም ጭንቀትም ሞልቶት ገባ። ሩቅ ቦታ፣ አዲስ ግድብ እየሞላ ውሃው የሚውጣቸው መንደሮች አሉ። ሰዎቹ ቤታቸውን አፍርሰው፣ በርና ማገሩን ተሸክመው ወደ ተራራው እየወጡ ነው። ሊቀርጻቸው ተፈቅዶለታል። መብራት የለም፣ መንገድ የለም፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይፈጃል።

«ሁለት ሰው ይፈልጋል» አለ።

መጋረጃውን አየሁ። እሱም አየ። ከዚያ በኋላ ያወራነው ሁሉ ሂሳብ ነበር። አባዬን ማን ያነሳዋል፤ አክስቴ አትችልም። ይዘነው እንሂድ ብንል ሐኪም በሌለበት ተራራ ላይ አንድ ወር አይቆይም። ባለጆንያው እቀራለሁ አለ። ውሃው እንደማይጠብቀው ነገርኩት፤ ከቀረም በየቀኑ እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሰጠሙትን መንደሮች እንደሚያስብ አውቅ ነበር። ሁሉንም መንገድ ሞከርን። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱንም አለው።

«እጠብቅሻለሁ።»

«የምትጠብቀው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

መቀሱን ከጠረጴዛው አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«አንተ ከጠበቅከኝ እኔ አባዬን ሳገላብጥ ቀን መቁጠር እጀምራለሁ። ሲያስለው ጆሮዬ ምን ተስፋ አድርጎ እንደሚሰማ አላውቅም። እንደዚያ ዓይነት ሰው አታድርገኝ። አትጠብቀኝ።»

ከመጋረጃው ወዲያ የአልጋው ሽቦ ሲጥ ሲጥ አለ። አባዬ ስሜን ጠራ፣ ቀጥሎ «ተይ» አለ። ምኑን እንደምተወው ግን ሊነግረኝ አልቻለም።

ባለጆንያው ሊሄድ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። አራተኛውን ቦርሳ ጀመርኩ፤ ለአንድ ሰው የሚሆን።

ሦስተኛውን ፈታሁና እኔ የማደርገውን እያንዳንዱን ነገር በተራ ጻፍኩ። ማቀበል፣ መቀበል፣ መክደን፣ ያለቀውን ባትሪ ካላለቀው መለየት። ለእያንዳንዱ አንድ ኪስ፣ አንድ ማንጠልጠያ ወይም አንድ ማሰሪያ አበጀሁለት። ያለቀው ባትሪ የሚገባበት ኪስ አፉ ሻካራ ነው፣ የሙሉው ለስላሳ፤ ጣት ያለ ዓይን ይለያቸዋል። የውስጡን ስፖንጅ በእያንዳንዱ ሌንስ ልክ ፈለፈልኩት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቦርሳውን በራሴ ጀርባ ላይ አዝዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሞክረዋለሁ። አባዬ ሰዓቱን በግራ እጁ ይዞ ያያል፤ ሲሳካልኝ «አዎ» ይላል።

በሁለት ሰው ባትሪ ለመቀየር ሰባት ሰከንድ ይፈጅብን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብቻዬን ሃያ ስድስት ፈጀብኝ። በአሥራ አራተኛው ቀን ስድስት። «ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም» ብዬ ደብተሩ ላይ ጻፍኩና ደብተሩን ዘጋሁት።

ሊወስደው የመጣው በጠዋት ነው። አዘለው፣ ማንገቻዎቹን አጠበቅሁለት። ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ እንደ ድሮው ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። እጁ አየር ላይ ቆመ። ስንብቱ የከበደው መሰለኝና ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ መለሰው።

«ልክ ነው» አለ። «ምንም አልጎደለውም።»

ከመጋረጃው ወዲያ ገብቶ አባዬን ተሰናበተ፤ ግራ እጁን ሲጨብጠው አየሁ። እኔን አልጨበጠኝም። በሩ ላይ ቆሞ «ዛሬ ድንች አትፈልጉም?» አለ፤ ልስቅለት ሞከርኩ።

ስሕተቴን ያወቅሁት ከስድስት ወር በኋላ ነው። አንድ ወፍራም፣ ወሬ የሚወድ የሰርግ ካሜራማን ስለ ባለጆንያው ቦርሳ ሰምቶ መጣና ያንን የመሰለ እንድሰፋለት አዘዘኝ። ልኬቱ ደብተሬ ላይ ስለነበር በአሥር ቀን ሰፋሁለት። አዘለና እጁን ሰደደ፤ ምንም አላገኘም። እየዞረ ጭራውን እንደሚያሳድድ ድመት ሆነ።

«እህቴ፣ ይሄን የሰፋሽው መስታወት ውስጥ ላለ ሰው ነው እንዴ? ሁሉ ነገር በግራ ነው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አራት ወር ሙሉ ቀኝ እጁ ወደ ኋላ ሲዘረጋ አይቻለሁ፤ መዝኛለሁ፣ ቆጥሬያለሁ። የመጨረሻውን ቦርሳ ግን የለካሁት በራሴ ጀርባና በራሴ እጅ ነበር። ስድስቱ ሰከንድ የእኔ ስድስት ሰከንድ ነው። ቀኝ እጁ አየር ላይ የቆመውም ለስንብት አልነበረም፤ ኪሱን አጥቶት ነው።

የዚያኑ ዕለት መልእክት ላክሁለት። ስሕተቱን ጽፌ፣ ቦርሳውን በአውቶቡስ እንዲመልሰው፣ በሳምንት ውስጥ አዙሬ እንደምሰፋው። ኔትወርክ ያለው ተራራው ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ መልሱ የመጣው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። «ምንም አላስቸገረኝም» ይላል። አላመንኩትም። ወይ ጥሎታል፣ ወይ እዚያው ያለ ሰፊ አዙሮለታል ብዬ አሰብኩ።

መልእክቶቹ እየሳሱ ሄዱ። በሦስተኛው ዓመት፣ ተራራው ላይ በተሠራው አዲስ መንደር የምታስተምር መምህርት እንዳገባ ጻፈልኝ። «እንዳልሽኝ አልጠበቅሁም» ይላል መጨረሻው። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ያን ቀን አንድ የጭነት መኪና ሽፋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ገልብጬ ሰፍቼ ሳበቃ በሙሉ ፈታሁት። አክስቴ መጥታ ክሩን አብራኝ ስትለቅም ዋለች፤ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም፤ እሷ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንላትም።

በአምስተኛው ዓመት ቦርሳው በአውቶቡስ መጣ። ውስጡ አጭር ወረቀት ነበረው። «ዚፑ አልቋል። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግሁም። ቦታውን እንዳትቀይሪው።»

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና እንደማንኛውም ለጥገና እንደመጣ ዕቃ ከቀኝ ወደ ግራ መረመርኩት።

የቀኙ ጎን ሸራ እኔ እንደሰፋሁት ነበር፤ ክሩ ላይ የቀባሁት ሰም እንኳ አልለቀቀም። የግራው ጎን ከእጅ ንክኪ ብዛት ጠቁሮ እንደ ቆዳ ያብለጨልጫል። የዚፑ ጥርስ ተበልቷል። ማንም አላዞረውም። በባትሪው ኪስ አፍ ዙሪያ ብዙ የቆየ የጥፍርና የብረት ጭረት ነበር፤ ኪሱን የሳተ እጅ የጫረው። ጭረቱ ከጊዜ በኋላ ቆሟል፤ በላዩ ላይ የእጁ ወዝ ተኝቶበታል።

ሦስት ቦታ ተቀዶ በእጅ ተሰፍቷል። የመጀመሪያው ስፌት በቀኝ እጅ የሚሰፋ ሰው ስፌት ነው፤ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል። ሁለተኛው ወዲህና ወዲያ ይላል፣ የሕፃን ጽሑፍ ይመስላል። ሦስተኛው ወደ ሌላው ጎን ተጋድሟል፤ ልክ እንደ እኔ።

ያ ስፌት በአንድ ሌሊት አይመጣም። አንድ አዋቂ ሰው እጁን ለመቀየር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስንት ማንኪያ እንደሚፈስ፣ ስንት ጊዜ ሳህኑን ገፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞር አውቃለሁ። የትኛውም ሰፊ በሁለት ቀን አዙሮ ይሰፋለት ነበር።

አዲሱን ዚፕ በግራ በኩል ገጠምኩ። ጥገናዎቹን አልነካኋቸውም። ስጨርስ ቦርሳውን አዘልኩና ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ሰደድኩ። ኪሱ እጄን አወቀው። ስድስት ሰከንድ።

ደብዳቤ አላደረግሁበትም። ጠቅልዬ አድራሻውን ጻፍኩና ለማታው አውቶቡስ እንድታደርስልኝ ለአክስቴ ሰጠኋት። ክብደቱን በእጇ መዝና «ድንች ነው?» አለች፤ ወዲያው ፊቴን አይታ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ስሜ ተጠራ። የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። አባዬ ማንኪያውን በግራ እጁ ይዞ ይጠብቀኛል።