ወደ እኔ የዞረው ቬንትሌተር

«ጋላንግ ሊገድለኝ ነው» ብዬ ለእናቴ የነገርኳት የምሬን ነው።

የኢንዶኔዥያዋ የሱራባያ ከተማ ሰው ሁሉ በሙቀት ይቀልጣል፤ እኔን ብርድ ይመታኛል! የመሬት ውል የምንጽፍባት ቢሮ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ናት። ኤሲው ከተበላሸ ወዲህ ያለን አንድ ቬንትሌተር ነው። አብሮኝ የሚሠራው ጋላንግ ሁልጊዜ ወደ እኔ ያዞረዋል። እኔ ወደ እሱ እመልሰዋለሁ። ሻይ ጠጥቼ ስመጣ እንደገና እኔ ላይ! ቤት ስገባ እናቴ ብርዱ እንዲወጣልኝ ጀርባዬንና አንገቴን በዘይትና በሳንቲም ትፍቀኛለች።

ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ቋሚ ሠራተኛ እንደሚሆን ተነግሮናል። ሊያባርረኝ ነው አልኩ። እንዳልጠይቀው ኩራቴ መቼ ያስወራኛል! የሚያናድደው ደግሞ እወደዋለሁ። አዎ፣ ያንን ዝምተኛ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋውን!

ሐሙስ ጠዋት የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት።

«በቃ፣ ደስ ይበልህ! ቦታው ያንተ ነው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን አጠፋሁ፣ ሬትኖ?»

«ምን አጠፋሁ ይለኛል እንዴ! ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ነፋስ ስትፈጀኝ ከርመህ?»

ፀጉሬን ሰብስቤ አንገቴ ላይ ሳንቲሙ ያወጣውን ቀይ ሰንበር አሳየሁት። ደንግጦ ተነሳ። ሸሚዙ በላብ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል።

«እኔ እኮ... የመጀመሪያ ቀን ሙቀቱ ፈጀኝ ብለሽ ነበር። ላንቺ ይሁን ብዬ ነው።»

«ወደ አንተ ስመልሰውስ?»

«ለእኔ ያዘንሽ መስሎኝ።»

ክው አልኩ።

«አፍ የለህም? ምናለ ብትናገር!»

«አንቺስ?»

ደብዳቤውን አንስቶ በቀስታ መለሰልኝ።

«ይሄ አያስፈልግሽም። ሰኞ ዕለት ለአለቃችን፣ ሬትኖ ቋሚ ትሁን ብያቸዋለሁ። እኔ በአጎቴ መጋዘን ሥራ አግኝቻለሁ። ከነገ ወዲያ የመጨረሻ ቀኔ ነው።»

ደብዳቤውን ጨመደድኩት። ደግሞ እኮ አላቅማማም፣ የምሳ ሰዓት የሚነግረኝ ነው የሚመስለው!

ቅዳሜ ተሰናብቶኝ ሄደ። ያን ዕለትም እንደምወደው ሳልነግረው ቀረሁ፤ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

እሑድ በጠራራ ፀሐይ በራችን ተንኳኳ። ጋላንግ እናትና አባቱን ይዞ ቆሟል። እናቴ እኔን ታየኛለች። አባቱ ጉሮሯቸውን ጠርገው ገና «የመጣንበት ጉዳይ፣ ልጅዎን ለልጃችን...» ሲሉ፣

«እሺ ብያለሁ!» አልኩ።

ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። ከሁሉም የባሰው ግን፣ እምቢ ትለኛለች ብሎ የመጣው ጋላንግ ነበር።