የጆንያ መጣፊያ

«አንቺን ስወልድ ነው የተቀደድኩት!»

ኢክላስ ይቺን ነገር ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ስትሰማ አሁን ዐሥራ አምስት ሞላት። እናቷ ሐዋ በተናደደች ቁጥር ከእምብርቷ በላይ ያለችውን፣ እንቁላል የምታህል እብጠት በቀሚሷ ላይ እየነካች ትላታለች። ኢክላስ ሳህን ይዛ ከሆነ ድም አድርጋ ታስቀምጣለች፣ በቃ።

ሐዋ እህል በረንዳ ምስርና ሽምብራ ትቸረችራለች። እብጠቷ የወጣችበትን የሆዷን ቀዳዳ ከአራት ዓመት በፊት ሐኪም በክር ሰፍቶላት ነበር። በዘጠነኛው ቀን ሱቅ ገብታ ጆንያ አነሳች፤ እብጠቷም ተመልሳ መጣች። ወቀሳው ግን ከኢክላስ ራስ አልወረደም።

ማክሰኞ ዕለት ዶክተር እምነት የሐዋን ሆድ ዳሰሰች። «ትንሽ ናት። ግን እንደገና በክር ብቻ ብንሰፋት ትከፈታለች ብዬ እፈራለሁ። መረብ እናድርግባት።»

«መረብ? ሆዴ ውስጥ?» ሐዋ ከአልጋው ቀና አለች። «ምን ልታጠምዱበት ነው፣ ልጄ?»

ዶክተሯ ሳቀች። «ሥጋዎ በመረቡ ቀዳዳዎች መሃል ያድግና አጥብቆ ይይዘዋል።»

«ክር ይበቃኛል። እኔ እንደሁ ቤቴ ነው የምውለው፤ ከባድ ነገር አላነሳ።»

ኢክላስ ወለሉን አየች። ብትናገር እናቷ ሰው ፊት አዋረድሽኝ ትላታለች። ዝም ብትል ደግሞ ይሰፏታል፣ ይቀደዳል፣ ተወቃሿም ያቺው ኢክላስ ናት።

«ውሸቷን ነው» አለች። «ጆንያ ትጎትታለች። ያኔም በዘጠነኛው ቀን ነው ሱቅ የገባችው።»

«አንቺ!»

«እማ፣ ጆንያ ሲቀደድ ዳርና ዳሩን ስበሽ ትሰፊዋለሽ?»

«ጅል ነኝ እንዴ? ሲጎተት ይተረተራል። መጣፊያ ነው እንጂ . . .» ሐዋ አፏን ያዘች።

«መረቡም መጣፊያ ነው» አለች ዶክተሯ። «ከዚያ በኋላ ግን ስድስት ሳምንት ከባድ ማንሳት የለም።»

ታክሲ ውስጥ ሐዋ «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለቻት።

መረቡ ገብቶ ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ኢክላስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ቦርሳዋን እንዳዘለች ወደ እህል በረንዳ ሮጠች። እናቷ የምስር ጆንያ ጆሮ ይዛ ጎንበስ ብላለች።

ኢክላስ ሄዳ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ! ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

«ኩሊ ጥሪ።»

«አንቺን ስወልድ እኮ ነው . . .»

«የመጀመሪያው መቀደድ ይሁን፣ የኔ ነው። ሁለተኛው የጆንያ ነው።» ድምጿን አላነሳችም። «ገና አንድ ወር ይቀርሻል።»

ሐዋ የጆንያውን ጆሮ እንደያዘች ቆመች። ኢክላስ ቦርሳዋን ከፈተች፤ የሒሳብ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የቤት ሥራዋን ጀመረች።