ግቢው መሐል የቆመችው መኪና

ልዑልሰገድ የሞተው አልጋው ላይ በጎኑ እንደተኛ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው። የመኪናዋን መቆጣጠሪያ ጨብጧል። መኪናዋ ደግሞ ውጭ ግቢው መሐል፣ አንድ ድንጋይ ሥር ተገትራ ቀርታለች፤ ምሳ ዕቃው ጀርባዋ ላይ እንደታሰረ ነው። ከመጫወቻ የፕላስቲክ ጡቦች የተገጣጠመች፣ ጎማዎቿ ከአካሏ የሚገዝፉ፣ አባጣ ጎርባጣ እንድትወጣ የታሰበች ባለሞተር ናት። ኢንስፔክተር ቀመሪያ አዳማ ተወልዳ አድጋ፣ የባጃጁን መዓት ስትሸሽ ኖራ፣ እንዲህ ያለች መኪና ግን አይታ አታውቅም።

ሟቹ ዕድሜውን በሞጆና በጅቡቲ መንገድ የጨረሰ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አንድ አደጋ እግሮቹን ነሳው፤ ስኳር ተጨመረበት። ኢንሱሊኑን ራሱ ይወጋል። ከተወጋ በኋላ ቶሎ ካልበላ ስኳሩ ወርዶ እንደሚጥለው ግቢው ሁሉ ያውቃል።

«የገደለው ይኸው ነው» አለ ሐኪሙ። «ተወግቷል፤ አልበላም።»

መንደሩ ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ምሳውን የምታበስለው ጎረቤቱ ዘርፉ ናት፤ ስለዚህ ዘርፉ ናት። ሴትየዋ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ኩሽናዋ በር ላይ ቆማለች፤ የሚያናግራት የለም።

«ምሳውን ጭኜ ነው ገበያ የሄድኩት» አለች። «በየቀኑ እንዲሁ ነው። እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው ይልኳታል፤ እጭናለሁ፤ ትመለሳለች።»

«ባዶዋን ስትመጣ ደህና ነበረች?»

«እንደ ፌንጣ እየዘለለች ነው የመጣችው። ስመለስ ግን መሐል ላይ ቆማለች፤ እሳቸውም...»

«ከመኪናዋ በፊት ምሳውን ማን ያደርስላቸው ነበር?»

«መርዳሳ። ያው ማዶ ያለው ክፍል የእሱ ነው። ድሮ መካኒካቸው ነበር። አብረው ይበሉ ነበር፤ መኪናዋንም አብረው ነው የሠሯት። ተሠርታ ስታልቅ ጋሽ ልዑልሰገድ ‹ከእንግዲህ ማንንም አላስቸግርም› አሉ። ከዚያ ወዲህ አልገባም። ተኮራረፉ።»

«መርዳሳ ሌላ ሰው አለው?»

«ማን አለው ብለሽ።»

የሟቹ የእህት ልጅ ሶሲ ከሞጆ ደረቅ ወደብ መሥሪያ ቤቷ በቀጥታ መጥታለች። መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ነው።

«ያቺን መኪና ጠልቻት ነበር» አለች ሳትጠየቅ። «እኔ ጋ ና ስለው ‹ምሳዬን የምታመጣልኝ አለች› ይለኛል። እሷ ባትኖር ይመጣ ነበር።»

ቀመሪያ መኪናዋን አቀበለቻት። «አንድ ጎማ አውጪልኝ።»

ሶሲ ጎማውን ጎተተች። ግማሹ መኪና ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ።

ቀመሪያ ቀድማ አይታው የነበረው ነገር ይበልጥ ግልጽ ሆነላት። ቀደም ሲል አዲስ ባትሪ ከትታ መኪናዋን ባዶዋን ስትነዳት ሮጣ ነበር። ምሳ ዕቃውን ስትጭንባት ግን ጥቂት ሄዳ ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ሞተሩ ጮኸ እንጂ ጎማው አልዞረም። ጎማውን የሚያዞረው ባለጥርስ መዘውር ከሥር ዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ይሸሻል። በቦታው የሚይዘው የጣት ጥፍር የምታህል ማቆሚያ የለችም። ወድቃ ይሆናል ብላ ግቢውን በጉልበቷ ዳሰሰች። ያገኘቻት ግን በግቢው ግንብ ስንጥቅ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ ነው።

መርዳሳ ክፍሉ ውስጥ ጫማውን አጥልቆ ተቀምጧል። የሚሄድበት ግን ያለው አይመስልም።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ መርዳሳ?» ስትል በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቀችው።

«ምን ደህንነት አለ ልጄ።»

«የት ነበሩ?»

«እዚሁ።»

«ጋሽ ልዑልሰገድ ጠርተዎት ነበር?»

«አልጠራኝም» አለ። አነጋገሩ ከመልስ ይልቅ ስሞታ ይመስል ነበር።

አመሻሹ ላይ ሦስቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጨርቁን ፈትታ ማቆሚያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ይህቺ በራሷ አልወለቀችም፤ ወድቃ ቢሆን ኖሮ ጨርቅ ባልለበሰች። ያወለቃት ሰው ባዶዋን እንደምትሮጥ፣ ስትጫን እንደምትቆም ያውቃል። ሶሲ ጎማ አውጪ ስትባል መኪናዋን ገነጠለች፤ የት እንደሚነካ አታውቅም።»

ሶሲ አንገቷን ደፋች።

«እትዬ ዘርፉ ቢሆኑ ማቆሚያዋን አርቀው ሊጥሏት ይችሉ ነበር። ይህን ያደረገው ሰው ግን አልጣላትም። ሊመልሳት ስለፈለገ አስቀመጣት፤ ከማስቀመጡም በፊት ግራሶ ቀባት።» ጣቷን አሸተተች። «የኩሽና ዘይት አይደለም። ፕላስቲክ ደግሞ አይዝግም። ግራሶ የሚቀባው ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲፈታ የኖረ፣ የፈታውን ሳይቀባ ማስቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው።»

ማንም ወደ መርዳሳ አልዞረም። እሱ ራሱ ተናገረ።

«ይመልሰኛል ብዬ ነው ሌሊት ደጃፉ ላይ ስታድር ያወለቅኳት» አለ። «ስትቆምበት ይጠራኛል፤ ምሳውን ይዤለት እገባለሁ፤ እንበላለን፤ ማታውን እመልሳታለሁ አልኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።»

«ስትቆም ሰምተዋል?»

«በሬን ዘግቼ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር። ሞተሩ ሲጮህ ሰማሁ። አሁን ይጠራኛል አልኩ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ።»

«ለምን አልወጡም?»

«ይጥራኝ እንጂ» አለ። «ቀድሜ ብሄድ ‹ማን ጠራህ› ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ዳቦ አያጣም፣ በእልህ እሱን እየበላ ነው አልኩ። ኮርፌ ተቀመጥኩ።»

«ስልካቸው ትራሳቸው ሥር ነው ያገኘሁት» አለች ቀመሪያ ቀስ ብላ። «ለማንም አልደወሉም። መቆጣጠሪያውን ግን ባትሪው እስኪያልቅ ተጭነውታል።»

ዘርፉ ግንቡን ተደግፋ አለቀሰች፤ ለራሷ ይሁን ለእነሱ አልታወቀም። ሶሲ ሽማግሌውን ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

ቀመሪያ ሰው ስትይዝ እጅ ማሰር ልማዷ ነው። ዛሬ ካቴናውን ኪሷ ውስጥ እንዳለ ተወችው።

«ኦቦ መርዳሳ» ስትል ጠራችው።

መርዳሳ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው፤ ለመነሳት ሁልጊዜ ግድግዳ ይፈልጋል። ስሙን ሲሰማ ግን ብድግ አለ፤ «አቤት» ብሎም በሩ ድረስ መጣ።