ሕንድ ያልሄደችበት ዓለም ዋንጫ

ልዕልት የተናደደችው በመሸነፏ አልነበረም። ሽንፈትማ ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ የለመደው ነው። ያንገበገባት የፈረደባት ሰው እውነቱን እያወቀ መፍረዱ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ትታው ታልፍ ነበር። እንዳልካቸው ሆነ እንጂ።

እንዳልካቸው የሐሙሲት ልጅ ነው፤ ወረታ ላይ ሒሳብ ያስተምራል። የተዋወቁት በአባቷ በአቶ አስማረ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ነበር። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ግድግዳው ላይ ምስማር መትታ የሰቀለችው ሬዲዮ አለ፤ ከማሽኑ ጩኸት ጋር እየታገለ ቀኑን ሙሉ ስለ ኳስ ያወራል። አንድ ቅዳሜ እንዳልካቸው ጆንያውን አስቀምጦ ወረፋ ሲጠብቅ፣ የሬዲዮው ሰውዬ «የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በማን ኳስ ተካሄደ?» ብሎ ጠየቀ።

«በሁለቱም» አለች ልዕልት፣ ለማንም ሳይሆን። «አርጀንቲናና ኡራጓይ በማን ኳስ እንጫወት ብለው ቢጣሉ፣ ከዕረፍት በፊት በአርጀንቲና፣ ከዕረፍት በኋላ በኡራጓይ ኳስ ሆነ። አርጀንቲና በራሷ ኳስ ስትመራ ቆይታ፣ በሰው ኳስ ተሸነፈች።»

እንዳልካቸው ቀና ብሎ አያት። ቅንድቧ ላይ የሩዝ ብናኝ ነበር።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ጆሮ አለኝ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ጆንያ ሩዙን አራት ቦታ ከፍሎ፣ አራት ቅዳሜ እየተመላለሰ አስፈለፈለ። አቶ አስማረ ነገሩ ገብቷቸው «ይሄ መምህር ሩዙን በጭልፋ ነው እንዴ የሚያመጣው?» ይሉ ነበር። በአምስተኛው ቅዳሜ ሩዙ አልቆበት ባዶ እጁን መጣ። ያን ቀን እስከ ርብ ወንዝ ድረስ አብረው ሄዱ። የፎገራ ከብት ከውኃ እየወጣ ሲያልፍ መንገድ ለቀው ቆሙ፣ የሕንዶቹንም ነገር ያነሳችለት ያኔ ነው።

«በፈረንጆቹ አሥራ ዘጠኝ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት ሕንድ ብራዚል ለዓለም ዋንጫ ተጠርታ ነበር። ያልሄዱት በባዶ እግራችን ካልተጫወትን ብለው ነው ይላል ሰው ሁሉ። ውሸት ነው። መንገዱ ሩቅ፣ ዝግጅታቸው ትንሽ፣ ልባቸው ደግሞ ኦሎምፒክ ላይ ነበር። የቡድኑ አምበል ራሱ ኋላ ተናግሮታል። ግን ማን ይስማው? በባዶ እግር መሳቅ ይጣፍጣላ።»

ለማታውቃቸው ሰዎች እንዲህ ስትቆጣ እንዳልካቸው ዓይኑን ከፊቷ ሊነቅል አልቻለም። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና «መጽሐፍ አገላብጬ አየሁት። ልክ ነሽ» አላት። ለልዕልት ያቺ ቃል «እወድሻለሁ» ከመባል አታንስም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ኳስ «ልክ ነሽ» ያላት ወንድ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው እንግዲህ የካዳት።

የኳስ ማሳያ ቤቱ ባለቤት ያየህ፣ አንድ እሑድ ከጨዋታው በፊት የኳስ ጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀ። ሽልማቱ ማሊያ ነው። ጥያቄውን ከነመልሱ ከስልኩ ላይ ገልብጦ ወረቀት ላይ ጻፈና፣ «መምህር አይሳሳትም» ብሎ ለእንዳልካቸው ሰጠው። አግዳሚው ላይ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ሴት ልዕልት ብቻ ነበረች። አንድ በአንድ አሸንፋ ከባጃጅ ነጂው ከዘመኑ ጋር ለመጨረሻ ቀረች። የመጨረሻው ጥያቄ ሲነበብ ፈገግ አለች፤ ሕንድ በሃምሳው ዓለም ዋንጫ ለምን ሳትካፈል ቀረች የሚል ነበር።

ርብ ዳር የነገረችውን ደግማ መለሰች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«በባዶ እግራቸው ነው እንጂ፣ አገር የሚያውቀውን» አለ አንዱ።

«አንች ሩዝሽን ፈልፍይ» አለ ሌላው ከኋላ።

እንዳልካቸው ወረቀቱን አየ። የሚስቁትን ተማሪዎቹን አየ። እሷን ግን አላየም።

«ስሕተት ነው» አለ።

ዘመኑ «ባዶ እግር» ብሎ ማሊያውን ወሰደ። ልዕልት ወጥታ ሄደች፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነው ያስወጣት። ርብ ዳር የሰጠችውን ነገር ሰው ፊት ሲያስረግጠው ቁጭ ብላ አይታለች።

በማግስቱ እንዳልካቸው መፈልፈያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ የመጨረሻው ባለ ወረፋ እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ ገባና በማሽኑ ጩኸት ላይ አንድ ነገር ተናገረ። ማሽኑን አጠፋችው።

«ይቅርታ እኮ ነው የምልሽ» አላት።

«ሰው እስኪወጣ ጠብቀህ ነው የመጣኸው።»

«አዎ።»

«ስትክደኝ ግን ቤቱ ሙሉ ነበር።»

እንዳልካቸው አንገቱን ደፋ። «ወረቀቱ ላይ የተጻፈው እሱ ነበር። ምን ልበላቸው?»

«ወረቀትማ ዘመኑም ያነባል። አንተን ያስቀመጡህ ታውቃለህ ብለው ነው።»

«ተማሪዎቼ ነበሩ፤ ይስቁብኛል ብዬ ነው።»

«በእኔ ሲስቁ ቀላል ነበር አይደል?» አለችና ማሽኑን መልሳ አስነሳችው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። እሱ በየቅዳሜው ሩዝ እየገዛ ይመጣል፣ እሷ ከደንበኛ በቀር ሌላ አታደርገውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከሁሉ የሚያናድዳት ግን በር ላይ ጥላው በታየ ቁጥር የገዛ ልቧ መደለቁ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሽማግሌ ላከ።

የእንዳልካቸው ቤተሰብ የንስሐ አባት ቄስ ተክለ ሃይማኖት ከሐሙሲት ድረስ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። አቶ አስማረ ነገሩን ከሰሙ በኋላ «እኔ ደስ ይለኛል። ግን ልጅቱ ትጠየቅ» አሉ። ልዕልት ወጥታ መስቀል ተሳለመችና ቆመች።

«አባታችን፣ እሽ እንዳልል የሕንዶቹ ጉዳይ አለ።»

«የምን ሕንዶች?»

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። አንደኛው ሽማግሌ ተቁነጠነጡ። «እኛ ስለ ጥሎሽ ልንነጋገር መጥተን የሕንድ እግር ውስጥ እንግባ? ልጄ፣ ለኳስ ተብሎ ትዳር ይገፋል?»

«ለኳስ አይደለም፣ አባቴ። ዛሬ ሳቅ ፈርቶ የካደኝ፣ ነገ ዘመድ ፈርቶ፣ ጎረቤት ፈርቶ ላለመካዱ ዋስ ይሆኑልኛል?»

አቶ አስማረ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብለው መሬት መሬት አዩ።

ቄስ ተክለ ሃይማኖት ጢማቸውን ዳበሱ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ሰው ፊት የተበደለ ሰው ፊት ይካሳል። ኳሱ መቼ ነው?»

«እሑድ።»

«እንግዲያው ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ።»

እሑድ ቄሱ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ዣንጥላቸውን ይዘው ኳስ ማሳያ ቤት ገቡ። ሳያስከፍል ሰው የማያሳልፈው ያየህ መስቀል ተሳልሞ አሳለፋቸው፤ የቴሌቪዥኑንም ድምፅ ቀነሰው። ከፊት አግዳሚ ተለቀቀላቸው። ልዕልት ከኋላ በሩ አጠገብ ቆመች። እንዳልካቸው ተነሣ። ወረቀት አልያዘም።

«የዚያን ቀን ልዕልት የመለሰችው ልክ ነበር» አለ። «አላውቅም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። ግን አውቅ ነበር። ያስተማረችኝም እሷ ናት። የካድኳት እናንተን ፈርቼ ነው።»

«ሚስት ፍለጋ ነው» አለ አንድ ድምፅ፣ ቤቱም ሳቀ።

እንዳልካቸው ፊቱ ቀላ፤ አልተቀመጠም። «አዎ፣ ሚስት ፍለጋም ነው። መልሱ ግን ሚስት ባላገኝም ያው ነው።»

ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ዘመኑ ከመካከል ተነሥቶ ያንኑ ማሊያ በአንገቱ አወለቀና ወደ ልዕልት ዘረጋው። አራት ሳምንት ከላዩ አልወረደም።

«አጥበህ አምጣልኝ» አለችው።

ቄሱ በዚህ ሁሉ መካከል ሲያስቡ የነበረው ሌላ ነገር ነበር። ወደ ኋላ ዞሩ።

«ግን እኒያ ሕንዶች፣ ኋላ ሄዱ?»

«አልሄዱም፣ አባታችን። እስከ ዛሬ ድረስ ዓለም ዋንጫ ላይ ተጫውተው አያውቁም።»

«አንድ ጊዜ ተጠርተው ቀሩ በይኛ።»

«አንድ ጊዜ።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንችንስ ስንት ጊዜ እንጥራሽ?»

ልዕልት እንዳልካቸውን አየችው። ዓይኑን ከእሷ አላነሣም፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ያ የአራት ሳምንት ንዴት ገና ከደረቷ አልወጣም ነበር፤ ቢሆንም የጥያቄውን መልስ ታውቀዋለች።

«አባቴ ዛሬ ከቤት አይወጣም፤ ብትመጡ ታገኙታላችሁ» አለች።

ያየህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። ልዕልት መጥታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ፣ ሩዝሽን ፈልፍይ የሚላት አልነበረም። እንዳልካቸው በተማሪዎቹ መካከል አልፎ መጣና ከጎኗ ተቀመጠ፤ ሰው ፊት።