የቀውላላው ሾፌር አልጋ

ቀውላላውን ሾፌር ሞቶ ያገኙት ጠዋት፣ የጭነት መኪናዎች በሚያድሩበት ግቢ ውስጥ፣ ከገዛ መኪናው የፊት ጎማ ስር በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱን በብረት ተመትቷል። የጎማ መፍቻው ብረት እዚያው አጠገቡ ወድቋል። ብረቱ የጋራዡ ነው፤ የጋራዡ መካኒክ ደግሞ የሟቹ ታናሽ ወንድም።

መርማሪዋ ስትደርስ መካኒኩ በካቴና ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። እናቱ የግቢውን የብረት በር ይዘው ቆመዋል። ሾፌር የወለደች እናት መቼም ደልቷት ተኝታ አታውቅም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይወርዳል፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር «ይሄኔ መንገዱ አንሸራቶት ይሆን?» እያለች ትባንናለች። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈሩት መንገዱን ነበር። ሞት ከግቢ ውስጥ ይመጣብኛል ብለው ግን አላሰቡም።

«ልጄ፣ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«አንዱን መቅበሬ ነው፤ ምን አደርጋለሁ። ይሄኛውን ግን አትውሰጂብኝ። አልገደለም።»

«በምን አወቁ?»

«እናቱ ስለሆንኩ የምልሽ አይደለም። ይሄ ልጅ ሲቆጣ አይመታም፤ ሲቆጣ ያለቅሳል። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው።»

መርማሪዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ናት፤ በሥራ ዘመኗ ብዙ እናት ለምኗታል። «ቃል አልገባልዎትም» አለች። «አያለሁ።»

መጀመሪያ ዘበኛውን ጠየቀችው።

«ማታ በሩን ስቆልፍ ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው» አለ። «ቀውላላው፣ ወንድሙና ሳቂታው የምንለው ሌላው ሾፌር። የስምሪት ኃላፊው ቀደም ብሎ ወጥቷል፤ እኔው ነኝ የከፈትኩለት። ከዚያ ወዲያ ወፍም አልገባ።»

«ጠብ ሰምተሃል?»

ዘበኛው ወደ መካኒኩ በጎን አየ። «ከሰዓት በኋላ ወንድማማቾቹ ሲጨቃጨቁ ነበር። ታናሹ፣ 'ልጆችህ እኔን አባባ ማለት ጀምረዋል፤ አሁንም ጭነህ ከሄድክ ብትሞትም አላለቅስልህ' ሲለው ሰማሁ።»

መካኒኩ ይህን ሲሰማ ፊቱን በታሰሩ እጆቹ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

የስምሪት ኃላፊው ቢሮ ግድግዳው ላይ ትልቅ የመንገድ ካርታ ተለጥፏል። ሾፌሮቹ ያሉበትን በባለ ቀለም መርፌ ነው የሚያመለክተው። እየተነጋገሩም ስልኩን ከጆሮው አያርቅም።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ እትዬ» አለ። «የሚነሳ ጭነት ነበር፤ ግቢ ውስጥ ያሉት ሾፌሮች ሁለት። አንዱ ይጭናል፣ አንዱ ቤቱ ይሄዳል። ቀውላላው ሊጭን ተስማማ፤ ወንድሙ በዚህ ተናደደ።»

«መስማማቱን ለእርስዎ ነገረዎት?»

«ዛሬ ጠዋት ሳቂታው ነው የነገረኝ። ግን አልጋውን ይዩት እንጂ፤ ጋቢናው ውስጥ ተነጥፏል። ቤቱ የሚሄድ ሰው መኪና ላይ አልጋ ያነጥፋል?»

«ለመሆኑ ቤቱ ሳይገባ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«እኛን የሚያዘን ጭነት ነው። ደንበኛን 'ሾፌሬ ቤቱ ናፍቆታል' ቢሉት ይሰማዎታል? ሲቀጠሩም ያውቁታል።»

መርማሪዋ ከቢሮው ወጣች። የሟቹ መኪና ጋቢና ውስጥ ገባች። ከወንበሮቹ ኋላ ያለችው አልጋ ጠባብ ናት፤ እንዲህ ያለ ረዥም ሰው እዚያ ላይ ተጣጥፎ ነው የሚያድረው። አንሶላው ተነጥፏል። ብርድ ልብሱ እንዳይንሸራተት፣ ከውስጥ ጎማ በተቆረጠ ማሰሪያ ወገቡ ላይ ተወጥሯል። ትራሱ በረዳቱ ወንበር በኩል ተቀምጧል።

በመሪው በኩል ባለው ጫፍ፣ ጣሪያው ላይ የሁለት ሴት ልጆች ፎቶ ተለጥፏል። ከፎቶው ጎን አንዲት ትንሽ መብራት አለች። ከስሩ ፍራሹ ጎድጉዷል፤ ጨርቁም በፀጉር ቅባት ጠቁሯል። ብርድ ልብሱን ገልጣ አንሶላውን ዳበሰችው፤ አደፍ ብሎ ላብና አቧራ ይሸታል። ቀጥ ቀጥ ያሉ የመታጠፍ መስመሮችም አሉበት። ወንበሩ ስር ያለው ሻንጣ ግማሹ ባዶ ነው፤ የቀረው የቆሸሹ ሸሚዞችና ሁለት አሻንጉሊቶች ናቸው።

የሟቹ ሚስት ከአማቷ ጎን ቆማለች፤ ዓይኗ ደርቋል። «ትናንት ደወለልኝ» አለቻት ለመርማሪዋ። «'ኃላፊው ፈቅዶልኛል፣ ነገ እገባለሁ' አለኝ። እኔ ግን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። ስንቴ ነግሬያቸው ስንቴ አፍሬያለሁ።»

«ሲመጣ ምን ይዞ ይመጣል?»

«የሚታጠብ። አንሶላውን ሳይቀር አጣጥፎ ነው የሚያመጣልኝ።»

ሳቂታው በሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለ፣ በግቢው ሁሉ የሚወደድ ቀልደኛ ሰው። ዛሬ ዓይኑ ቀልቷል፤ አፉ ግን ልማዱን አልተወም።

«እትዬ፣ እኔን ይጠረጥሩኛል? ዶሮ ሳርድ እንኳ ዶሮዋ ናት አይዞህ የምትለኝ።»

«ጓደኛህ ነበር?»

«ከወንድም በላይ። 'አንተ ሂድ፣ እኔ እጭናለሁ' አለኝ። ሚስቴ ከወለደች ጀምሮ ቤቴን አላየሁም። ልጄ ዳዴ ይላል አሉ፤ በስልክ ነው ያየሁት። የጎማ ማስታወቂያ ላይ ያለ ሕፃን ይመስላል።» ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ተቆረጠ።

«መኪና ላይ ማደር ከባድ ነው አይደል? ወገብ አይጎዳም?»

«ይለመዳል። ብቻ ራስጌዎን ወደ መሪው አያድርጉ። ቀኑን ሙሉ ስይዘው የዋልኩትን መሪ በህልሜም ልይዘው? እኔ ሁሌም ወደ ረዳቱ በኩል ነኝ፤ ረዳት ባይኖረኝም።»

«ደህና ብለሃል» አለችው መርማሪዋ።

ቀትር ላይ ሁሉንም እዚያው ማረፊያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። እናትየውና ምራታቸው ተቀመጡ፤ መካኒኩ ከነካቴናው በር ላይ ቆመ፤ ኃላፊው ስልኩን እንደያዘ ገባ።

«ነገሩ በአንድ ጥያቄ ነው የሚፈታው» አለች። «ቀውላላው ጭነቱን ተቀብሎ ነበር ወይስ ቤቱ ሊሄድ ነበር? ተቀብሎ ከነበረ የሚናደደው ወንድሙ ነው። ሊሄድ ከነበረ ግን ወንድሙ የለመነው ተሳክቶለታል፤ የሚናደደው ሌላ ሰው ነው።»

«አልጋው እኮ ተነጥፏል» አለ ኃላፊው።

«ተነጥፏል፤ ባደፈ አንሶላ። ያደፈው አንሶላ ደግሞ የመታጠፍ መስመር አለው። የቆሸሸ አንሶላ አስተካክሎ የሚያጥፍ ለማጠቢያ የሚወስደው ሰው ነው። ስለዚህ ቀውላላው አልጋውን አንስቶ ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ነበር።»

«በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ መልሶ ቢያነጥፈውስ?»

«እኔም እንደዚያ አልኩ፤ ትራሱን እስካይ ድረስ። ያ ሰው ራስጌው በመሪው በኩል ነበር። መብራቱ እዚያ ነው፤ ፍራሹ የጎደጎደው እዚያ ነው፤ ሲጋደም ልጆቹን የሚያየው ከዚያ ነው። ትራሱ ግን በግርጌው ተቀምጧል። ሰው በገዛ አልጋው ራስጌውን ከግርጌው አይሳሳትም። ያነጠፈው ሌላ ነው።»

መርማሪዋ ወደ መካኒኩ አየች።

«ማን ያነጥፈዋል? ወንድሙ? ያ አልጋ የሚመሰክረው በወንድሙ ላይ ነው፤ ማን የራሱን መታነቂያ ይገምዳል? ደግሞም መካኒክ ጋቢና ውስጥ አያድርም። ብርድ ልብሱ ፍሬን ሲያዝ እንዳይንሸራተት በጎማ ታስሯል፤ እንዲህ የሚያስር የሾፌር እጅ ነው። ሌሊቱን እዚህ ግቢ ከሟቹ ሌላ የነበረ ሾፌር አንድ ነው።» ወደ ሳቂታው ዞረች። «ራስጌዬ ወዴት ነው አልከኝ?»

ሳቂታው አፉን ከፈተ። የለመደው ቀልድ ግን አልመጣለትም።

«እጅህ ነው ያጋለጠህ» አለችው ቀስ ብላ። «የራስህን እንደምታነጥፈው አነጠፍክ።»

«ብረቱን ጎማ ላጠብቅበት ተውሼው ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አየሁት። 'የት ነው?' አልኩት። 'ቤቴ፣ የሚጭነው አንተ ነህ' አለኝ። 'ኃላፊው ለእኔ ፈቅዶልኛል፣ አንተ ትጭናለህ ብሎኛል' አልኩት። 'ውሸታም፣ ቀልድህን ለሌላ' ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ። ቀልድ መሰለው። እኔ ደግሞ ፈቃዴን የሰረቀኝ መሰለኝ። ከዚያ... ከዚያ እጄን አላውቀውም።»

የሟቹ ሚስት ወደ ኃላፊው ዞረች። «ለእሱም ፈቅደህ ነበር?»

«ለማንም አልፈቀድኩም» አለ ኃላፊው። «ተስፋ ነው የሰጠሁት። ተስፋ ያልሰጠኸው ሾፌር መሪ አይጨብጥልህም። ጠዋት አንዱን አግባብቼ አስጭን ነበር፤ ሁሌም እንደዚሁ ነው የምንሠራው። ይህን የሚከለክል ሕግ ካለ ይንገሩኝ።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለች መርማሪዋ። «አንዲቱን ላም ለሁለት ሰው ሰጥተው እርስዎ በጊዜ ቤትዎ ገቡ። ለእርስዎ የሚሆን ካቴና የለኝም። ስለሌለኝ ይቆጨኛል።»

የመካኒኩ ካቴና ተፈታ፤ ሳቂታው እጅ ላይ ገባ። እናትየው ተነስተው የተረፈላቸውን ልጅ ክንድ ያዙ፤ እንደ ሕፃን፣ መንገድ እንደሚያሻግሩት ዓይነት አጥብቀው። ልጅየው አሁን ድምፁን አውጥቶ ያለቅሳል።

ሳቂታው በፊታቸው ሲያልፍ ቆመ። ይቅርታ ሊል አስቦ እንደሆነ አይታወቅም። አሮጊቷ አላዩትም። ዓይናቸው መርማሪዋ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ለሳቂታው ሚስት ማን ነው የሚነግራት?»

«ፖሊስ ይሄዳል፣ እማማ።»

«ፖሊስ አትላኪባት። ራስሽ ሂጂ፤ ቀስ ብለሽም ንገሪያት» አሉ። «የምታጠባ ናት። ድንጋጤ ወተት ያደርቃል።»